አንዲቷ የከበሮ ምት

እታለም፣ ዣንጥላዬ በድንገተኛ ነፋስ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ወደ ደስታው ልሂድ፦ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ የእህትሽን የእመቤትን አዲስ የሙዚቃ ድርሰት ልምምድ እያየሁ ነው። እቤት ድስት ስትደበድብ «አደነቆርሽን!» ትባል የነበረችውን ልጅ፣ እዚህ ኦርኬስትራው በሙሉ ዓይን ዓይኗን ያያታል! መሪው ግን «እመቤት፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዲት የከበሮ ምት እናውጣት፤ ማንም አይሰማትም» አላት። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መድረክ ላይ ወጥታ፣ ከከበሮ መቺው ዱላውን ተቀብላ፣ ከበሮውን አንዴ አቀመሰችው! መሪው መነጽሩን በሁለት እጁ ያዘ፤ «ትቆይ! ትቆይ!» አለ። ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ለሰፈሩም አውሪ።

እርማት፦ ከላይ «አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ» የተባለው «ከበር ውጭ ቆሜ» ተብሎ ይነበብ፤ በፉጨቴ ምክንያት ተባርሬአለሁ። አሁን ግን ድርሰቱን ሲደግሙት፣ ምቷ በተዘጋው በር አልፋ ተሰማችኝ።