በጓሮ የሚመጣው ውሃ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ቃለ ጉባኤው ላይ ልጻፈው ወይስ ልተወው? እስካሁን አልወሰንኩም። በዚህ ደብተር ግን የሚከለክለኝ የለም።

የሰፈራችን ክበብ ስብሰባ እንደ ወትሮው በስምንት ሰዓት ሐጂ ከድር የጣውላ መጋዘን ውስጥ ነበር። አሥራ አንድ ሆነን ተገኘን፤ ሴት እኔ ብቻ። ሊቀመንበራችን አቶ ግዛቸው ንድፍ የሚሠሩት በመሥሪያ ቤታቸው ነው፤ ከዚያ ያመጡትን ትልቅ ወረቀት ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ድልድዩን አሳዩን። የእንጨት ድልድይ ነው፤ ሰባት እርምጃ የሚሆን፣ መደገፊያ ያለው። ቦታው የወንዙ ታችኛው መሻገሪያ፣ ሰው ሁሉ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ የሚያልፍበት። ክበባችን እስከ ዛሬ ጉድጓድ ጠርጓል፣ ለታመመ ሰው ቤት ክዳን ቀይሯል፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ግን ጀምሮ አያውቅም። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ።

ቀና ስል እትዬ ወርቄ በሩ ላይ ቆማለች። ወንዝ ዳር የሰው ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ናት። ማንም አልጠራትም። «እዚያ ከሠራችሁት ውሃው በጓሮ ይመጣባችኋል» አለችና ልብሷን ተሸክማ ሄደች።

አቶ ግዛቸው ፈገግ ብለው፣ «አስቴር፣ ይሄ አይጻፍም። አባል አይደለችም» አሉኝ። ጸሐፊ ነኝና እሺ አልኩ።

ጋሽ ንዳ እንደ ልማዱ ጥግ ይዞ ዝም ብሏል። ልብስ ሰፊ ነው። ይህን ድልድይ ያሳሰበን የእሱ ሐዘን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አያነሳውም። አምና ነሐሴ ሚስቱን ፈለቀችን ውሃ ወሰዳት።

«በጓሮ» ማለት ምን ማለት ነው? ወንዝ ጓሮ አለው?

እሑድ፣ ሰኔ 8

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወንዙን አየሁት። ያየሁትን ልጻፍ፦

ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም።
ስፋቱ አምስት እርምጃ፤ በእኔ እርምጃ ማለት ነው።
ማዶ ሣር የበቀለበት ሜዳ አለ። ሁለት ላሞች ይግጣሉ።
ከሣሩ ባሻገር መሬቱ ትንሽ ዝቅ ይልና እንደገና ወደ ቤቶቹ ይወጣል።

በቃ። ጓሮ የሚመስል ነገር አላየሁም። ጫማዬ ግን ተበላሸ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ተማሪዎቼን እንደለቀቅኩ በቀጥታ ወደ እትዬ ወርቄ ሄድኩ። ጠፍጣፋ ድንጋይዋ ላይ አንሶላ እያሸች ነበር።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትታጠቢ መጣሽ?» አለችኝ። ልጠይቅሽ ነው አልኳት። ሳሙና በያዘው እጇ ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚታጠፍበት ጠቆመችኝ። ወንዙ በደንብ ሲሞላ እዚያ ጋ ለሁለት ይከፈላል አለች። አንዱ በዚህ በፊታችን ይወርዳል። ሌላው ከሣሩ ኋላ ባለው ዝቅታ ዞሮ ታች ይገናኛል። ላሞቹ የሚግጡበት ሜዳ መሐል ላይ ይቀራል። «ድልድያችሁን ተሻግሮ ሣሩ ላይ የቆመ ሰው ወዴት ይሄዳል?»

ማታ አቶ ግዛቸውን አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ጠብቄ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «የምትቀመጥበትን ድንጋይ አይተሽዋል?» አሉኝ። «የድልድዩ እግር የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሴትዮዋ መተዳደሪያዋ ነው፤ አልፈርድባትም። እኛ ግን በእሱ አንመራም።»

እውነታቸውን ነው። ንድፉን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ድንጋዩን ግን ልብ አላልኩትም። እንደ ሕፃን የተታለልኩ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ክፍል ውስጥ ማካፈል እያስተማርኩ ሐሳቤ ወንዝ ዳር ነበር። አንዲቱ ተማሪ ስህተቴን አረመችኝ።

ደግሜ ሄድኩ። ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። «እትዬ ወርቄ፣ ይህን ያልሽን ለድንጋይሽ ብለሽ ነው?» አልኳት።

ልብሱን ጨምቃ ድንጋዩ ላይ ጣለችው። ከዚያ፣ «ለድንጋዬም ነው» አለች። አላፈረችም። «ድንጋዬን እንድትወስዱብኝ አልፈልግም። ውሃውም ይመጣል። አንዱ እውነት ስለሆነ ሌላው ውሸት መሆን አለበት?»

አቶ ግዛቸው አንዱን አዩ፣ እሷ ሁለቱን ነገረችኝ። ግን አንደኛውን ስላመነች ሁለተኛውን ልመናት? ይሄም ማረጋገጫ አይደለም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ከሐጂ ከድር ዶማ ተዋስኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ቆይተው ግን ጃንጥላቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ካፊያ ነበር።

ሣሩ መሐል ቆፈርኩ፤ ጥቁር አፈር ብቻ። ከሣሩ ኋላ ያለው ዝቅታ ውስጥ ቆፈርኩ፤ ከአንድ ክንድ ባነሰ ጥልቀት አሸዋና ድቡልቡል ጠጠር። ራቅ ብዬ ሌላ ቦታ ሞከርኩ፤ አሁንም ጠጠር። ሦስተኛውም እንደዚያው። እጄ ውሃ ቋጠረ፣ ግን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐጂ አንዱን ጠጠር አንስተው በጣታቸው አሹት። «የወንዝ ጠጠር ነው፣ ልጄ። ግን መቼ የመጣ ነው? አያቶቻችን ሳይወለዱ ይሆናል። ዛሬም ይመጣል ወይ ነው ነገሩ።»

ይሄን ማን ያውቃል አልኳቸው። ወደ ጋሽ ንዳ ሱቅ ዞረው አዩ። «አንድ ሰው ያውቅ ይሆናል። እኔ ግን አልጠይቀውም» አሉ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል ነው። የጋሽ ንዳ ሱቅ ዝግ ነው። ዝግ መሆኑን ሳይ ቀለለኝ።

ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? እንዲህ ብዬ ሞከርኩ፦

«ጋሼ፣ ያን ቀን ውሃው በየት በኩል ነበር?» አይሆንም።
«ጋሼ፣ ስለ ወንዙ አንድ ነገር ፈልጌ ነበር።» ይሄ ማታለል ነው።
«ጋሼ፣ እግዜር ያጽናህ።» ይሄን በቀብሩ ቀን ብዬዋለሁ።

እናቴ ልጅ ሳለሁ «ይቺ ልጅ የሰው ድስት ከፍታ ታያለች» ትለኝ ነበር። የጠጠሩ ጉጉት ማንንም አልጎዳም። የዛሬው ግን የሰው ቁስል ነው። ድልድዩን ፈልጌ ነው ወይስ ማወቁን ብቻ? ራሴን ጠየቅኩ፤ የሰጠሁት መልስ ደስ አላለኝም። ሁለቱም ነው። እንደ እትዬ ወርቄ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ሳልረሳው ቶሎ ልጻፈው።

ጫፉ የተተረተረ ቀሚስ ይዤ ሱቁ ገባሁ። ጋሽ ንዳ ቀሚሱን ተቀበለኝ፣ ሲንጀር የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠው፣ አልሰፋውም። «ዶማ ይዘሽ ሜዳው ላይ ስትቆፍሪ አይቼሻለሁ። ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ጠጠሩን፣ እትዬ ወርቄ ያለችውን፣ ልጠይቀው ፈልጌ መፍራቴን ጭምር።

ከዚያ እግሩ የመኪናውን መርገጫ በባዶ እያወዛወዘ ተናገረ። ቃል በቃል ባይሆንም እንዲህ ነበር፦

«ፈለቀች ወንዙን ተሻግራለች። ሰው ሁሉ ድንጋይ አዳልጧት ነው የሚለው። አላዳለጣትም። እኔ ከወዲህ ቆሜ አይቻታለሁ። ሣሩ ላይ ወጣች፣ ሸክሟን አውርዳ በእጇ ሂድ አለችኝ። ተሻገረች ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ጩኸት ሰምቼ ስዞር ከኋላዋም ውሃ ነበር። ሜዳው እንደ ትሪ ሆኖ፣ እሷ መሐሉ ላይ። እኔ ያንን ያህል ውሃ መሻገር አልቻልኩም።»

ለምን ቅዳሜ አልተናገርክም አላልኩትም፤ እሱ ራሱ ነገረኝ። «እጃቸውን ሲያወጡ እኔም አወጣሁ። አፌ ግን እንቢ አለ። አንድ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሁሉም እግዜር ያጽናህ ብሎኝ ይሄዳል። እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። ቀሚሴን ሰፍቶ ሰጠኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ተናገረ።

ጥግ ካለው ወንበሩ ተነስቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ። አራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። «ታች ከተሠራ ሰውን አሻግሮ መሐል ላይ ያስቀረዋል። አይቼዋለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ከውጪ የመጋዝ ድምፅ ይሰማል፣ ሐጂ ወጥተው አስቆሙት።

አቶ ግዛቸውን እያየሁ ነበር። ይከራከራሉ ብዬ ፈራሁ። ንድፋቸውን ቀስ ብለው አጠፉት፣ ከዚያ ጋሽ ንዳ አጠገብ ሄደው ተቀመጡና፣ «አንተን መጠየቅ ነበረብኝ። ከማንም በፊት» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው፣ «ሴትዮዋ የት ትገኛለች?» አሉኝ።

ሁላችንም ወንዝ ወረድን። እትዬ ወርቄ ከመታጠፊያው በላይ ያለውን ቦታ አሳየችን። ዳርና ዳሩ ገደል ነው፤ ለዚያ ነው ሰው የማይሻገርበት። ወንዙ ግን እዚያ ገና አንድ ነው፣ አልተከፈለም። አቶ ግዛቸው በገመድ ለኩ። አሥራ አንድ እርምጃ። ያለን እንጨት አይበቃም። ሐጂ ጢማቸውን እየነኩ፣ «እኔ ጋ ረጃጅም ባሕር ዛፍ አለ፤ ክረምት ሳይገባ አውጡልኝ» አሉ።

ቃለ ጉባኤው ላይ የእትዬ ወርቄን ስም ከነአባቷ ጻፍኩ። አቶ ግዛቸው አንብበው ፈረሙ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ከሥራ በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ሠራን፣ ትናንትም ዛሬም። አራት ምሰሶ ቆመ። አንዱ ዘመመና ነቅለን እንደገና ተከልነው። አቶ ግዛቸው ከረባታቸውን ኪሳቸው ከተው ጭቃ ውስጥ ገብተው ነበር። ለምን ምሰሶው ሥር ድንጋይ እንደሚደረደር ጠየቅኳቸው፤ ውሃ አፈሩን እንዳይበላው ነው አሉኝ። ለምን ክብ አድርገው እንደሚደረድሩት ጠየቅኳቸው። አስረዱኝ። ሦስተኛ ልጠይቅ ስል፣ «አስቴር፣ ድንጋዩን አቀብዪኝ» አሉ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ነገ ማርያም ስለሆነች ዛሬ መጨረስ ነበረብን። ጨረስን። የመጨረሻውን ጣውላ ጋሽ ንዳ መታው። ሐጂ ከድር ዱዓ አደረጉ፣ እኛም በየእምነታችን አሜን አልን። እትዬ ወርቄ መሐሉ ድረስ ሄዳ ሁለቴ ዘለለችበት። «ይነቃነቃል» አለች። አቶ ግዛቸው፣ «መነቃነቅ አለበት» አሉ። አላመነቻቸውም።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተደፋ። በረዶም ነበረበት። ሲያባራ ነጠላዬን ተከናንቤ ሮጥኩ። ግማሹ ሰፈር ቀድሞኛል።

ወንዙ ቀይ ነው፤ ድምፁ ሩቅ ይሰማል። መጀመሪያ ያየሁት ድልድዩን ሳይሆን ዝቅታውን ነው። የቆፈርኩበትን። በጓሮ መጣ። መጀመሪያ እንደ ምላስ ቀጭን ሆኖ፣ ከዚያ እየሰፋ፣ ታች ተገናኘ። ሜዳው ብቻውን መሐል ቀረ። ትክክል መሆናችን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ሣሩ ላይ የቆመች ሴት ታየችኝ፣ ፊቴን አዞርኩ።

ድልድዩ ቆሟል። ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቆሟል። አቶ ግዛቸው ብስብስ ብለው አጠገቤ መጡና ከአንድ ሰዓት በላይ ምሰሶዎቹን ሲቆጥሩ ቆዩ። አራት ናቸው፤ ደጋግሞ መቁጠሩ አይለውጣቸውም።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ጠዋት ከማዶ የሚመጡት ልጆቼ ሁሉም ክፍል ገብተዋል። አንድም አልቀረም። አምና በእንዲህ ያለ ቀን ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ።

ችግርም አለ። በማዶ በኩል ውሃው ከአንዱ ምሰሶ ሥር ብዙ አፈር ወስዷል። ቅዳሜ ድንጋይ መጨመር አለብን። ሐምሌና ነሐሴ ገና ናቸው። ይችለው ይሆን? አቶ ግዛቸውን ጠየቅኳቸው፤ «አላውቅም» አሉኝ። ከእሳቸው ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደፍረው ማለታቸውን ወደድኩት።

በአሥር ሰዓት ልጆቹን ስለቅ ደመናው እንደገና ከብዶ ነበር። ከማዶ ልጆች ጋር ወረድኩ። ጋሽ ንዳ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሟል። ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው፣ የመለኪያው ሜትር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። አንድ በአንድ አሳለፋቸው። የመጨረሻዋ ልጅ ከሣሩ በላይ አልፋ፣ ሽቅብ ወጥታ፣ ቤቷ በር እስክትገባ ፊቱን አላዞረም።

ከዚያ፣ «ሁልጊዜ በአሥር ሰዓት ነው የምትለቂያቸው?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ በአሥር ሰዓት።»

«ዓርብስ?»

«ዓርብም።»

እሺ ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሌላ ነገር ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ተውኩት።