የጋሽ አስራት ከረጢቶች

ሚያዝያ 3፣ 78። ከጠዋቱ 1 ሰዓት።

እንደገና ፈሰሰ። አንሶላው፣ ሽርጤ፣ ሁሉም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ሐዋ ታንኳኳለች፣ ውሃ ላምጣልህ ትላለች። ሂጂ አልኳት። ሚስቴ ናት እኮ! አንጀቴ ተጠማዝዞ ሆስፒታል ተቀድጄ፣ ሰገራዬ በሆዴ በኩል እንዲወጣ ከተደረገ ወዲህ አንድም ቀን አላሳየኋትም። የምንተኛውም ለየብቻ ነው። ነርሷ የሰጠችኝ ፋሻና ላስቲክ ነው። በዚህ ሙቀት! የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ቀረህ ብሎ ይዝትብኛል። ልምጣና ሽታውን ይካፈል? አንተ ደብተር አፍንጫ ስለሌለህ ነው የምታስጠጋኝ።

ሚያዝያ 5።

የምስራች! ጎረቤታችን እትዬ ብርሃኔ አንድ ካርቶን ይዘው መጡ። ባላቸው ጋሽ አስራት፣ የምድር ባቡር ሠራተኛው፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እንደኔው ነበሩ ለካ። ከጅቡቲ ያስመጡት የነበረ እውነተኛ የሰገራ መያዣ ከረጢት ተርፏል። በአንድ በኩል ሙጫ አለው፣ ሆድ ላይ ልጥፍ! መሃሉን በራስህ ልክ በመቀስ ትቆርጠዋለህ። ጋሽ አስራት ግን ሁሉንም አስቀድመው ቆርጠዋቸዋል። ሰውየው ሊሞቱ አላሰቡም። ሆዴ ባባ።

አንዱን ለጠፍኩ። ያዘ! በርጫ ሄጄ ጫት ቃምኩ። ከወንዶቹ ጋር ሳቅኩ።

ሚያዝያ 9።

ቆዳዬ ተላጠ። ወላሂ፣ ፍም ነው። ቀዳዳው ይሰፋኛል። የጋሽ አስራት ልክ ነው፣ የኔ አይደለም። ሰገራው በዙሪያው ያለው ቆዳ ላይ እየተኛ ይበላኛል። ይሄን አውቃለሁ፣ ሌላ ግን የለኝም። ትናንት በህልሜ መጡ፣ መቀስ ይዘው። ዛሬ ቀትር ላይ ደግሞ፣ ነቅቼ፣ ከመታጠቢያ ቤት የመቀስ ድምፅ ሰማሁ። ገብቼ አየሁ። ማንም የለም። አቦ ጋሽ አስራት፣ ምን አድርጌዎት ነው?

ሐዋ ልብሷን እየሸከፈች ነው። ሰኞ ቢዮ አዋሌ፣ እህቷ ጋ ትሄዳለች። ያገባሁት አንተን ነው ወይስ የተቆለፈ በር? አለች። 

ሚያዝያ 12። ከሰዓት።

እትዬ ብርሃኔ መጡ። ላመሰግናቸው ስጀምር አቋረጡኝ። ሆድህን አሳየኝ አሉ። ጆሮዬን አላመንኩም።

ከዚያ ነገሩኝ፤ ጋሽ አስራት እስከ መጨረሻው በር ይቆልፉባቸው ነበር። የሞቱትም እዚያው፣ ከተቆለፈው በር ጀርባ ወድቀው። በሩን ጎረቤት ነው በፋስ የሰበረው። ገናዦቹ ሸፋፍነው ነው ያወጧቸው፤ እትዬ ብርሃኔ ያንን ነገር ሳያዩት ባላቸውን ቀበሩ።

አሳየኋቸው።  ዝቅ ብለው አዩ።

«ለዚህች ነው?» አሉ። «ለዚህች ብሎ ነው?»

ከዚያ አለቀሱ። እኔም።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ። ጠዋት።

ከካርቶኑ ሥር ጋሽ አስራት ሳይቆርጡት የቀረ አንድ ከረጢት አገኘሁ። ልኬን ልውሰድ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ሆዴ እየከለለኝ የታችኛው ጠርዝ አይታየኝም። የሌላ ሰው ዓይን ይፈልጋል።

ጋሽ አስራት ከጀርባዬ ናቸው። አላያቸውም፣ አውቃለሁ ግን። ቆልፍ ይሉኛል።  አልቆልፍም፣ ጋሼ። ይማሩኝ፣ አልቆልፍም።

ሐዋን ጠራኋት።  ደግሜ ጠራኋት። ሻንጣዋን መሬት ስታስቀምጥ ሰማሁ። እየመጣች ነው። ሽርጤን ፈትቻለሁ። መልሼ አልታጠቅም።