ዕዝራን እንዳትሰጡ

ለውድ እህቴ ለትርፍነሽ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት አዳማ ድረስ ይድረስሽ። ብዙነሽ ዙሪክ ላይ ጠፋች መባሉን ሰምተሻልና በቅድሚያ ላርመው፤ አልጠፋሁም። ወደ ልጄ ወደ ራሄል ቤት፣ ወደ ዙሪኩ ሰፈር ወደ አፎልተርን ስሄድ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። አርባ ደቂቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደወልኩላት። መንገዱን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ።

ከምኖርበት ከጄኔቫ የሄድኩት ለቤዝቦል፣ ኳስ በዱላ ለሚመታበት ጨዋታ ነው። ውድድሩ ሲጋመስ የጄኔቫው ቡድናችን ሦስተኛ ሆኗል። ከጨዋታው በኋላ ደጋፊዎቹ ራሄል ቤት ተሰብስበው፣ በተጫዋች ልውውጥ ማንን ለዙሪክ ቡድን ሰጥተን ማንን እንቀበል እያሉ ተሟገቱ። ሚሊዮን፣ የራሄል ባል፣ «ጥሩ መቺ ካላመጣን ዋንጫውን የምናየው በሕልማችን ነው» አለ።

እኔም፣ «ማንንም ስጡ፤ ኳስ ወርዋሪያችንን ዕዝራን ግን እንዳትሰጡ» አልኩ።

አንዱ፣ «እማማ ደግሞ ቀልድ ይችሉበታል!» ብሎ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ሚሊዮን ቀስ ብሎ፣ «እማማ፣ ዕዝራ እኮ አምና ካናዳ ሄደ። ዳቦ ቆርሰው የመረቁት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ፎቶውንም አሳየኝ። ሰማያዊ ሹራቤን ለብሻለሁ፤ እጄ የልጁ ራስ ላይ ነው።

«መቀለዴ ነው» አልኩ። ፎቶውን ግን ደጋግሜ አየሁት።

ለራሄል አትደውዪላት። ቤተሰቡን ሁሉ ሳሚልኝ፤ ጸሎትሽም አይለየኝ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ አድራሻዬን ጽፌ ካፖርቴ ውስጥ እሰፋለሁ። ትርፍ ቁልፌን ለጎረቤቴ እሰጣለሁ። ሐኪሜ ጋ እደውላለሁ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አድርሼም፣ ረስቼ ይህንኑ ደግሜ እንዳልጽፍልሽ፣ መላኬን ቀን መቁጠሪያው ላይ እጽፋለሁ።

እህትሽ ብዙነሽ