የኤርጎጌን ቢራ ስለማያስገባው ፍሪጅ

ለተከበሩ አቶ ሠረቀብርሃን
የጀፕ ሐበሻ ምግብና መጠጥ ቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበር
ጆሃንስበርግ

ጉዳዩ፦ ሳንጠይቅ ለተደረገልን ውለታ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ባለፈው ብርድ ያስቸገረዎት ወገብዎ እንዴት ሰንብተዋል? ወገብዎን ማንሣቴ ባለፈው ስብሰባ በቢራ ኩባንያው ተወካይ ፊት ደጋግመው ሲያጎነብሱ አይቼ ስላሳሰበኝ ነው። እኔ እዚሁ ጀፕ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ የምሸጥ፣ ሱቄን ስዘጋ አንድ ሁለት ቢራ ቀምሼ ቤቴ የምገባ ተራ ሰው ነኝ። የማኅበርዎ አባል አይደለሁም፤ ሆኖም በአባላትዎ ወንበሮች ላይ ያሳለፍኩት ዕድሜ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ የሚያስደፍረኝ መሰለኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። ወይዘሮ ኤርጎጌ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ ከእኔ ሱቅ በታች፣ ምድር ቤት ባለች ክፍል፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ከዚህ አገር ማሽላና ከአገር ቤት በሚመጣ ጌሾ ቢራ ይጠምቃሉ። ቢራው ጥሩ ነው። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ቆም አለ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ስጠጣው ጥሩ ነው ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅምና፤ ሌላም ሰው ሲናገር አልሰማሁም። ጠርሙሱ ላይ ስም ተጽፏል፤ የሚጠራው ግን የለም፤ ጣታችንን አንሥተን «የተለመደውን» እንላለን፣ ይመጣል። ከአገር ቤት እንግዳ የመጣ ዕለት ደግሞ፣ እንግዳ መከበር ስላለበት፣ የተለመደውን ከጠረጴዛው ላይ አስነሥተን ባለ ወርቅ ወረቀቱን የፋብሪካ ቢራ እናዛለን፤ እንግዳው ሲሸኝ ወደ ተለመደው እንመለሳለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ፍሪጆቹ አመሰግናለሁ። ኩባንያው ለየቤቱ ባለ መስታወት ፍሪጅ በነጻ ሲያድል፣ በምላሹ በፍሪጁም ሆነ በቤቱ ውስጥ ከእሱ ቢራ በቀር የሌላ እንዳይገኝ መጠየቁን እንደ ቀላል ነገር አይተው ስለፈረሙልን ባለውለታችን ነዎት። በየማክሰኞው ከኩባንያው አንድ የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው ይመጣል። ጎዳና ላይ የማያውቀን ሰው እንኳ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም ሳይለን በማያልፍበት አገር፣ ይህ ሰው ሰላም ሳይል ይገባል፣ ከመደርደሪያው ጀርባና ከወጥ ቤቱ ሥር ባትሪውን ያበራል፣ ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። ተቆጥቶም ተሳድቦም አያውቅም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ስብሰባው አመሰግናለሁ። ኩባንያው ከየፍሪጁ አንዲት መደርደሪያ ማኅበሩ ለሚመርጠው ሌላ ቢራ ሊተው ፈቃደኛ መሆኑን ገልጸው፣ «የማን ይሁን?» ብለው አባላቱን ሲጠይቁ እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። የኤርጎጌ ይሁን ያለ አልነበረም። የሆሳዕና ልጆች ለአገራቸው ልጅ አደሉ እንዳይባሉ ይሉኝታ ያዛቸው፤ የቀሩት ደግሞ የሆሳዕና ልጆች ይናገራሉ ብለው ጠበቁ። ወይዘሮ ኤርጎጌ ራሳቸው እዚያው ነበሩ፤ ሰው የገዛ እጁን ሥራ አያመሰግንምና ቦርሳቸውን ታቅፈው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ያነሣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዕቃችንን ወደ ክሊፕታውን ሰፈር የሚያመላልሰው አብዱረዛቅ፣ በዕድሜው አልኮል ቀምሶ የማያውቀው። «የኤርጎጌስ?» አለ። እርስዎም በደግ ፈገግታዎ «አንተ ደግሞ ቢራ መቼ ጀመርክ?» አሉት፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ወይዘሮ ኤርጎጌም አብረው ሳቁ። «ወላሂ እኔ አልጠጣም፤ እናንተ ስትጠጡ ግን አያለሁ» ብሎ ተቀመጠ። እርስዎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ፤ መደርደሪያዋም ለእንግዳ ክብር ስትባል ለባለ ወርቅ ወረቀቱ ሆነች። ባለ ወርቅ ወረቀቱ የዚያው የኩባንያው መሆኑን የሰማነው ከፈረሙ በኋላ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ሲባል የምሰማው ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ ዓይነት መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ከእኛ በፊት ሌሎች ሰፈሮችን አስቀድመው ስላላዩልን አመሰግናለሁ፤ ቢያዩ ኖሮ እንቅልፍ ያጡ ነበር። አሌክሳንድራ ሰፈር ላሉ፣ ስፓዛ ለሚሏቸው ትናንሽ ሱቆች ብርድ ልብስ ሳደርስ የምጠጣው አንድ ቀይ ቢራ ነበር፤ ባልና ሚስት የሚጠምቁት፣ በየደጁ የሚገኝ። ፍሪጆቹ መጀመሪያ የገቡት እዚያ ነው። በቀደም ሄጄ አስተናጋጇን ቀዩን ብላት፣ «የትኛው ቀይ?» አለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ክሊፕታውን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የሚጠመቀው ጥቁሩ ቢራም ቀርቷል፤ በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ በመስኮቱ ሳይ ውስጡ ገና ፕላስቲካቸው ያልተገፈፈ ፍሪጆች ተራ እንደሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ተራው የማን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ባለፈው ማክሰኞ ባለ ባትሪው ሰው እዚህ የጎረቤታችን የራዚያ ጁስ ቤት በር ላይ ቆሞ የማንጎ ጁሱን ለረጅም ጊዜ ሲመለከተው ነበር።

አራተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። መደርደሪያዋን ለማን እንደምትሰጡ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ መቀየር እንደምትችሉ፣ ይህም በእርስዎ አንድ ቃል እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። ካልተቀየረ ግን ወይዘሮ ኤርጎጌ የሚሸጡበት ቤት የላቸውም፤ ክፍሏንም በወሩ መጨረሻ ይለቃሉ፤ ኩባንያው ለመጋዘን ጠይቋታል አሉ። ይህንኑ ሊነግሩዎ ወደ ምግብ ቤትዎ ሲመጡ ወንበር ስበው አስቀምጠዋቸዋል፣ ሻይ አዝዘውላቸዋል፣ ስለ ልጆቻቸው ደኅንነት ጠይቀዋቸዋል፣ እስከ በር ሸኝተዋቸዋል። እሳቸውም የመጡበትን ሳይናገሩ ተመልሰዋል። እንዲህ አድርጎ የሰውን አፍ ማስያዝ ስጦታ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ። ቢራ ይጠፋል ብዬ አልሰጋም፤ ፍሪጁ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ቀን ከሌት ያበራል። የምፈራው አንድ ቀን ጣቴን አንሥቼ የተለመደውን ስል ያ የፋብሪካው መጥቶልኝ፣ እኔም ልዩነቱ ሳይታወቀኝ ጠጥቼው እንዳልሄድ ነው። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ አባላቱን ሰብስበው ያንኑ ጥያቄ ደግመው ይጠይቁ፤ ይሉኝታ እንዳይዘን ከፈለጉም መብራቱን አጥፍተው ይጠይቁን። በጨለማ የኤርጎጌን ስም የማይጠራ ይኖራል ብዬ አላምንም።

የወገብዎን መዳን፣ የወንበርዎን መርጋት፣ የፍሪጆችዎንም መብዛት እየተመኘሁ፣ በማይደበዝዝ አክብሮትና ገና ባልወጣልኝ ንዴት እሰናበትዎታለሁ።

ፍሰሐ ኤርሲዶ
ብርድ ልብስ ሻጭ፣ የተለመደውን ጠጪ

ግልባጭ፦
ለአብዱረዛቅ፣ ስለ ሳቅንበት ከይቅርታ ጋር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ወይዘሮ ኤርጎጌ ሱቄ ብቅ ብለው እርስዎን እንዳላስቸግር ለመኑኝ። በርሜሎቻቸውን ሸጠዋል፤ መደርደሪያዋ ከእንግዲህ አታስፈልጋቸውም። ኩባንያው ለጀፕ አማርኛ የሚችል ተቆጣጣሪ ሲፈልግ ቆይቶ እሳቸውን ቀጥሯል፤ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። የትኛው ቤት የእሳቸውን ጠርሙሶች የት እንደደበቀ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያስቀመጡት በገዛ እጃቸው ነውና። በእርስዎ ወጥ ቤት ከሽንኩርቱ ጆንያ ጀርባ ለራስዎ ያስቀመጡትን የእሳቸውን ቢራ አይተው ያልፉት እንደሆነ ብጠይቃቸው «ሥራ ሥራ ነው» አሉኝና፣ አዲሱን ባትሪ ከቦርሳቸው አውጥተው መብራቱን ሞከሩት።