የእናትህ ኩራዝ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ባለቤቴ ለዶክተር ዘመኑ፤

ጤንነትህን አልጠይቅም፤ ጉንጭህ ሞልቶ በቪዲዮ አይቼዋለሁ። ስልክ ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ አንተ ወዳለህበት አገር ለትምህርት በሚመጣው በባልደረባዬ በሃይለ ሚካኤል እጅ ልኬዋለሁ።

በዚያው ቪዲዮ ስለ ምርምርህ በእንግሊዝኛ ያደረግከውን ንግግር ሰማሁት። በዓይን የማይታይ ስስ ገጽ በገጽ ላይ ደርበህ፣ አዮኖቹ በየንብርብሩ መካከል ሽው እያሉ ሲገቡና ሲወጡ የምትሠራው ባትሪ በቅጽበት ይሞላል አልክ። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ገብቶኛል። ንብርብሮቹ ተመልሰው እየተጣበቁ እንዳስቸገሩህም ገብቶኛል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ያልገባኝ ለአዳራሹ ያሳየኸው የእናትህ ፎቶ ነው። "ቡሬ ገጠር ያለችው እናቴ ዛሬም የምታመሸው በኩራዝ ነው፤ የምደክመው ለእሷ ነው" ስትል አዳራሹ አጨበጨበልህ።

አንተ ሰው፣ ትንሽ አታፍርም? የሶላር መብራቱን ገዝቼ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ስትመጣ እሱን አጥፍተህ፣ ከጓዳ ኩራዝ አስፈልገህ፣ "እምዬ፣ ወደ ፊትሽ ጠጋ አድርጊው" እያልክ ፎቶ ያነሳሃቸው እኔው ፊት ነው። ለማስታወሻ መስሎኝ ዝም አልኩ። የእናቱን ጨለማ በጭብጨባ የሚሸጥ ምሁር ግን ካንተ በፊት አላየሁም።

የዛሬ ወር ሄጄ ቪዲዮውን አሳየኋቸው። ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላቸው፤ እንዲያፍሩብህ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ብድግ ብለው መብራቱን ነቀሉና ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ኩራዙን ለኮሱ።

"ምነው?" ብላቸው፣

"ሰው ገብቶ ሶላር ሲበራ ቢያይ ልጄን ውሸታም ይለዋል። እኔ እናቱ አይዶለሁ?" አሉኝ።

ዓይናቸውን እንደሚያማቸው ታውቃለህ። ሐኪሙ ጭስ ካልራቁ ጭራሽ እንደሚታወሩ ነግሯቸዋል። እኔ ለመንኳቸው፣ የነፍስ አባታቸው ገሠጿቸው፤ ወይ ፍንክች! ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ዓይናቸውን እያሹ ያንተን ውሸት እውነት ሲያደርጉ ያመሻሉ።

የሚሰሙት አንተን ብቻ ነው። ደውልና "እምዬ፣ መብራቱን አብሪው" በላቸው። ለዚህ ምርምር አያስፈልግም።

"እጁ የነካው ይለምልምለት" ብለውሃል። ምርቃቱ የእሳቸው ነው፤ እኔ አድራሽ ብቻ ነኝ።

ስልክ የላቸውም፤ የምታገኛቸው በእኔ ስልክ ነው። እሁድ እሁድ እሳቸው ዘንድ ነኝ። ቁጥሬን አልቀየርኩም። እኔን አናግረኝ አላልኩህም፤ ግን መጀመሪያ የማነሳው እኔ ነኝ።

እስካሁን ሚስትህ፣
ደጊቱ