የአባባ ዓይንና የተራራቁት ፊደሎች

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ነሽ እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ሻል አለሽ? ባለቤትሽ እንዴት ነው? የልጅሽ የፊት ጥርስስ በቀለ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ እያፏጨ ነው የሚያወራው? ያ ከላይኛው ፎቅ ሆኖ ወንበር የሚጎትትባችሁ ጎረቤትስ አደብ ገዛ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልሽ ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ፤ ከልባችን ደኅና ነን። በተለይ አባባ።

አዎ፣ አባባ! ባለፈው ጽፌ ያስደነገጥኩሽን ሁሉ ከልብሽ አውጪው። በስልክ «አባባ ደኅና ናቸው፣ ዝርዝሩን በደብዳቤ» ብዬ ስዘጋብሽ እንደተናደድሽ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ከጎኔ ቆመው በጣታቸው ዝጊው እያሉ ይጠቁሙኛል። የእሳቸውን ነገር ታውቂው የለ፤ በስልክ የተወራ ነገር ለእሳቸው እንደተወራ አይቆጠርም።

እስቲ ከሥሩ ልንገርሽ። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ እዚህ ቤት እንዴት እንደሚነበብ አትረሺውም። እማዬ ሬዲዮኑን ትዘጋለች፣ አባባ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ እኛ ጸጥ እንላለን። ያን ቀንም እንዲሁ ሆነ። አንቺ ጓሮ ያለው ቤት ተከራይተሽ ገብተሻል፤ ጓሮው ውስጥ የሎሚ ዛፍ አለ፤ ባለቤትሽ ጢሙን አሳድጓል፤ ልጅሽ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል። እማዬ እጇን ዘርግታ ስታመሰግን፣ ታናሻችን «ያ ሰውዬ ደግሞ ጢም ከየት አመጣ?» እያለ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ደብዳቤውን አንስቼ ለራሴ ባነበው ጓሮ የለም። ሎሚ የለም። ጢምም የለም። ያለው ያንቺ የወገብ ሕመም፣ ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሺ ማለቱና የልጅሽ ጥርስ መውለቁ ነው።

ለታናሻችን ብቻ ነገርኩት። ለእሱ መንገር ደግሞ በአደባባይ መለፈፍ ማለት ነው፤ ምሳ ሳይደርስ እማዬ ሰማች። እሷ ግን እስከዚያው ድረስ ጓሮሽን ለጎረቤት ሁሉ አስጎብኝታ ጨርሳለች። ማጀት ገብታ «ሰውዬዬ ተነካብኝ» ብላ ስታለቅስ አገኘኋት። ከጎናችን ያሉት ጡረታ የወጡት ነርስም «ዕድሜ ነው ልጄ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሚጀምረው» ብለው ተስፋችንን ጨርሰው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አባባን ያደረግናቸውን ብታዪ ታፍሪብናለሽ። የቤቱን ቁልፍ ደበቅንባቸው። የምድጃውን ክብሪት ከፍ አድርገን ሰቀልን። ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ቃል በቃል እየቆጠርን፣ እንደ ሕፃን አናገርናቸው። ታናሻችን ጠዋት ጠዋት «አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» እያለ ሲፈትናቸው አንድ ቀን ትክ ብለው አይተውት «የሞኞች ቀን ነው፤ እንኳን አደረሰህ» አሉት። እማዬ ይሄንንም የሕመሙ ምልክት ነው አለች! እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ መነጽራቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉት። ጋዜጣ የለ፣ መጽሔት የለ፤ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ዝም። እኔን ያንሰፈሰፈኝ ይሄ ዝምታቸው ነው።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቴ ልውሰድሽ፤ ነገሩ የተፈታው እዚያ ነው። የመጽሔቱን ገጾች በኮምፒውተር የማዘጋጀው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ዋና አዘጋጃችንን «መቀስ» ነው የምንለው፤ ያላሳጠረው ጽሑፍ የለም። ያን ሳምንት ግን የዓምደኛችንን ጽሑፍ መቁረጥ ፈራ፤ ሴትየዋ አንድ ቃል የተነካባት እንደሆነ ቢሮውን ታምሳለች። ጽሑፉ ደግሞ ከገጹ በጥቂት መስመር ተርፏል። «ፊደሉን አጠጋጊልኝና አስገቢው» አለኝ። ይህን ለማድረግ ጽሑፉን ትመርጪና የፊደል ርቀት የሚለው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቁጥር ትጽፊያለሽ። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ካለው ፊደሎቹ ይቀራረባሉ፤ ከሌለው ይራራቃሉ። እኔ ሐሳቤ ቤት ነው፤ ምልክቷን ረሳኋት። አትሜ ሳመጣለት ጽሑፉ ጭራሽ ወደ ሁለተኛ ገጽ ተንዠርግጓል። «ይሄ ምንድን ነው? ጥርሱ የረገፈ ገጽ!» ብሎ ጮኸብኝ። አስተካክዬ እንደገና አተምኩ፤ ሁለቱንም ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ወትፌ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ ልብስ ልቀይር ገባሁ። ከጓዳ ሆኜ የአባባን ድምፅ ሰማሁ። እያነበቡ ነው! «ደረጃውን ማን ይጥረግ?» ይላል ርእሱ፤ የጋራ ደረጃ ስለማይጠርጉ ጎረቤቶች ነው ጽሑፉ። አንድ ቃል ሳይስቱ ያነቡታል። እንዲያውም መሃል ላይ ቆም ብለው «መጥረጊያ የሚለው ሁለት ጊዜ ተደግሟል፤ ይሄ ሰውዬሽ አያርምም እንዴ?» ብለው ጮኹብኝ። እውነት ነው፣ ተደግሟል። መቀስ ራሱ አላየውም!

ወጥቼ ሳይ መነጽራቸው ከመሳቢያው ወጥቷል፤ ሌላውን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ ያንኑ ጽሑፍ፣ የተጠጋጋውን። በትልቁ የተጻፈውን ርእሱን አነበቡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ደረጃ ማለት የቤት ፊት ነው፤ ፊቱን የማይታጠብ ሰው ደግሞ...» ብለው ቀጠሉ። እትዬ ሙች፣ እንዲህ የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም! ከአፋቸው ነው የሚያወጡት። እንደውም ከዓምደኛዋ ይሻል ነበር።

ቀስ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ይሄኛውን ያዩታል?» አልኳቸው። በጣታቸው መስመሩን እየነካኩ «እዚህኛው ላይ ተቃቅፈውብኛል» አሉኝ። «ነጠል ነጠል ሲሉ አውቃቸዋለሁ። ሲተቃቀፉ ግን ማን ማን እንደሆነ አይለይልኝም።» ታዲያ ለምን አልነገሩንም ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እናትሽ ያቺን ደብዳቤ ስትጠብቅ ከረመች። እጄ ላይ ዓይኗን ተክላ ስትቀመጥ፣ አላየሁም ልበላት? ልጅቷ ጓሮ ያለው ቤት ብትገባ ማን ይጎዳል ብዬ ነው።»

ሳቅሁ፣ ደግሞም አለቀስኩ። በኮምፒውተር የምትጽፊውን ደብዳቤሽን ወረቀት እንዳይበዛ ብለሽ ፊደሉን አጠጋግተሽ አንድ ገጽ ላይ እንደምትጨርሺው ያኔ ትዝ አለኝ።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፤ እማዬም ተከትላ ገባች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጅም ሰዓት መርምራቸው ዓይናቸው መሃሉ ላይ እንደደከመና የተጠጋጋ ፊደል እንደሚደባለቅባቸው ነገረችን። እንደ ድሮው አይሆንም፤ ክትትሉን ካላቋረጡ ግን ባለበት ሊቆይ ይችላል አለች። እማዬ ይሄን ሁሉ እንዳልሰማች ሆና አልፋ «ጭንቅላታቸውስ?» አለች። ሐኪሟ ስቃ «ከእኔ ይሻላል፤ ሲገቡ የግድግዳ ሰዓቴ መቆሙን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው» አለቻት። እማዬ እዚያው ኮሪደሩ ላይ በነጭ ሻርፗ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። የዓይኑ ነገር ቅር ይላል፤ ግን የፈራነውን ስታስቢው፣ ተመስገን ነው።

ከዚያ ደብዳቤሽን እንደ አዲስ ጽፌ አተምኩላቸው። እንዲህ ቀላል እንዳይመስልሽ! እንደ ልብስ ሰፊ እየለካሁ ነው የሠራሁት። በመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ ባራርቀው ቃል ከቃል ተቀላቀለ። በቃላቱ መካከልም ስጨምር «ይሄማ የተበተነ መንጋ ነው፣ ሰብሰብ አድርጊው» አሉኝ። በመስመሮቹ መካከልም ትንሽ ከፈት አድርጌ ሳመጣ በእሺታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አንዷ ገጽሽ ብዙ ገጽ ሆነች። እማዬ ሬዲዮኑን ዘጋች፣ ቁልፉም ወደ ኪሳቸው ተመለሰ፣ አባባም አነበቡ፤ እውነተኛውን። ወገብሽን እንደሚያምሽ ከተጻፈው ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። እንደገና አነበቡት። «እኔ ሎሚ ስተክልላት እሷ ለካ ወገቧን ይዛ ነበር» አሉ።

ስለዚህ እትዬ፣ ከእንግዲህ ስትጽፊ ጨርሰሽ ከማተምሽ በፊት ጽሑፉን በሙሉ ምረጪና የፊደል ርቀቱን ከፍ አድርጊው። የመቀነስ ምልክት እንዳታስገቢ አደራ። ወረቀቱ ቢበዛ ይብዛ፤ እሳቸው አሁን ወፍራም ፖስታ ነው የሚጠብቁት። ሌላም ነገር አለ፤ እማዬ ናት ጻፊ ያለችኝ። ጓሮሽን አንዴ ለሰፈሩ ስላወራችው መመለሻ አጥታለች፤ ጡረተኛዋ ነርስ «ሎሚው አፈራ ወይ?» እያሉ ይጠይቋታል። በመስኮትሽ ላይ አንዲት የሎሚ ችግኝ በቆርቆሮም ቢሆን ተክለሽ ፎቶ ላኪላት። ውሸታም አታሰኚያት።

እማዬ ግንባርሽን ትስማለች፤ ከባድ ነገር አታንሺ ትላለች። ታናሻችን ሰላም ይልሻል፤ ባለቤትሽን ጢሙን እንዲያሳድግ ለምኚልኝ ብሏል። ነርሷም ሰላም ብለዋል፤ ከሎሚው ጋር። ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ፣ ልጅሽንም በዚያ ጥርስ በሌለው አፉ ሳሚልኝ። አባባ ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው አንብበውታል፤ «መቀስን ብዙ አማሽው» ከማለት በቀር ምንም አላስወጡኝም። ከታች ያለው የራሳቸው እጅ ነው።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ፣
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን

ል ጄ ፣   አ ሁ ን   አ ያ ለ ሁ ።   ጓ ሮ   ባ ይ ኖ ር ሽ ም   እ ው ነ ቱ ን   ጻ ፊ ል ኝ ።   አ ባ ት ሽ ።