ትራስ ለክርኔ

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1981

የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ዛሬም አልነቁም። የቀኝ እጄ፣ የምጽፍበት። ከክርኔ ጀምሮ እየነዘረ ይወርዳል። ዓይኔን ጨፍኜ በመርፌ ሞከርኳቸው። አውራ ጣት ደህና። ሌባ ጣት፣ መሀል ጣት ደህና። የቀለበት ጣት ግማሹ ብቻ። ትንሿ፣ ምንም።

እናቴን ሽባ ያደረጋትም ከእጇ ነው የጀመራት። ለልጄ ለሳራ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ

ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ፤ ሳራ አየች። «እማዬ፣ ነገ ሐኪም ዘንድ ካልሄድሽ ተሸክሜ ነው የምወስድሽ።» «በየትኛው ጉልበትሽ?» አልኳት። ሳቅን፤ ስባሪውን እሷ ለቀመችው።

ማታ እንደ ልማዴ ሬዲዮውን ይዤ ጋቢ ተከናነብኩ። የአማፅያኑ ጣቢያ የምርኮኞችን ስም ያነባል። ዳዊቴ ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤ የለም። ስሙ ከተጠራ ልጄ በሕይወት አለ ማለት ነው። ግን ግድግዳችን ከቀበሌው ሊቀ መንበር ቤት ጋር አንድ ነው፤ ከተሰማብን አለቀልን። ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሼ፣ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ፣ ከጆሮዬ አጣብቄ እሰማለሁ። አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ ስም ያመልጠኛል። ዛሬም አንድ አመለጠኝ።

ረቡዕ

ጉርድ ሾላ፣ ጤና ጣቢያ። ወጣቱ ሐኪም ክርኔን መታ ሲያደርገው እስከ ጣቴ ነዘረኝ።

«ሽባነት አይደለም፣ እትዬ። በክርንዎ የሚያልፈው ነርቭ ተጎድቶ ይመስለኛል። ምን ሲሠሩ ነው ክርንዎን አጥፈው የሚደገፉት?»

«ደብተር ሳርም።»

«ጡረታ ወጥቻለሁ አላሉኝም?»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። አለቀልኝ አልኩ። የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ፤ የእሱም ክርን ጠቁሮ ጠጥሯል። «ትራስ ያድርጉበት። እጅም ይለዋውጡ» አለኝ።

ሐሙስ

ሐኪሙም እንደኔ በሬዲዮ ሰው ይጠብቅ ይሆን? ወይስ ሊያወጣጣኝ ነው? በሩ ሲንኳኳ ሬዲዮውን ጋቢ ውስጥ ደበቅኩት። የሊቀ መንበሩ ሚስት ጨው ልትበደር ነበር።

ማታ ሬዲዮውን አልከፈትኩም። ስሙ ዛሬ ተጠርቶ ከሆነስ?

ዓርብ

ከመፍራቱ አለመስማቱ ባሰብኝ። የዳዊትን ትራስ ከክርኔ ሥር አደረግሁ፣ ሬዲዮውን በግራ እጄ ያዝኩ። ሳራ በሩ አጠገብ ቆማ፣ ድምፁ ለጎረቤት እንዳይሰማ ሆን ብላ ታስላለች።

«ዳዊት…» አለ አንባቢው። የአባቱ ስም ላይ አውሮፕላን ወረደ።

ስሙን ስደግምላት ሳራ «የኛው ነው!» ብላ አለቀሰች። እኔ ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም። ነገ የስም ዝርዝሩን ይደግሙት ይሆናል።

መርፌውን ደግሜ ሞከርኩ። ትንሿ ጣቴን የነካኝ መሰለኝ። እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም።